ሰውነት ራሱን የሚያስተካክለው የሚሠራበትን ሲያገኝ ነው

ሰሞኑን «ሰውነትዎን ሚዛን ላይ ያስቀምጡ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዳንዱን በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ግን ሰው ሊሞት ይችላል። ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ስድስት ነገር ይላል። የሰውነት ሚዛን ማለት ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ፣ የማይነቃነቅ ቁጥር ነው። ሥጋና ቡና ደምን አሲድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ አሲድን ያጠፋል የሚባለው አልካላይን ውሃ፣ እሱ ከጠፋ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ይጠጣ። ማንኛውም አዋቂ በቀን አምስት ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። ትኩሳት የያዘው ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ያልበው። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አንጀቱ እንዲያርፍ ፈሳሽ ይቀነስለት። በመጨረሻም ሰውነት ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል፣ ስኳር ያለበት ሰው ደህና ከተሰማው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሊተው ይችላል።

ጸሐፊው የተነሱበት ሐሳብ ትክክል ነው። ሰውነታችን ውስጡን ይጠብቃል። ውጭው ቢሞቅም ቢበርድም፣ ብንጾምም ብንበላም፣ የውስጡ ነገር በጠባብ ወሰን ውስጥ እንዲቆይ ሌት ተቀን ይሠራል። ይህን አስቀድሞ በግልጽ ያስተዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ክሎድ በርናር ነው። ሴሎቻችን የሚኖሩት በውጭው ዓለም ሳይሆን በውስጣችን ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው አለ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዋልተር ካነን ደግሞ በፈረንጆቹ 1926 ነገሩን ሆሚዮስታሲስ ብሎ ሰየመው። ስሙን ያወጣው ከግሪክኛ ነው። «ሆሚዮ» ያለው አስቦ ነው፤ ትርጉሙ «ተመሳሳይ» እንጂ «ያው አንድ» አይደለም። ካነን የቆመ፣ የደረቀ ነገር እንዲታሰብ አልፈለገም።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ጋ ነው። «የማይነቃነቅ ቁጥር» የሚባል ነገር የለም። የገዛ ሰውነታችሁን ሙቀት ለክታችሁ እዩት። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፣ አመሻሹ ላይ ከፍ ይላል። በመካከሉ ግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት አለ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ማለቴ ነው። ግመል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ውሃ ሲያጣ የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀን ከ40 እስኪያልፍ ይተወዋል። እኛ ቤት አንድ ሰው 40 ከገባ ቤተሰብ ይተራመሳል። ግመሉ ግን አልታመመም። በላብ የሚያጣውን ውሃ እየቆጠበ ነው። ማታ ሲበርድ ሙቀቱን በነጻ ያወጣዋል።

«ለሁሉም ሰው አንድ» የሚለውም አያስኬድም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማስረጃው ስሜን ተራራ ላይ አለ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በባህር ጠለል ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ያላት አምባራስ ሄደው የነዋሪዎቹን ደም መረመሩ። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2002 ታተመ። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፣ ከፍ በማድረግ ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙም ሳይጨምር፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎም ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም አልሆኑም። ሄሞግሎቢናቸውም፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠንም (95.3 በመቶ) ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር። ለአንድ ችግር ሦስት ቦታ ሦስት መላ ተገኘለት ማለት ነው። ይህን ሳነብ ኩራት ቢጤ እንደተሰማኝ አልደብቅም።

ወደ አሲዱ ልለፍ።

የደማችን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር፣ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ውስጥ ነው የሚቆየው። በጣም ጠባብ መስመር ነው። ጸሐፊው አንድ ቁርጥ ሥጋና ሁለት ሲኒ ቡና ከዚህ መስመር ያስወጡታል ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የፋሲካ ለት ስንቱ ሆስፒታል በገባ!

ሰውነት በየቀኑ የራሱን አሲድ ያመርታል። ምግብ ስናቃጥል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አንድ አዋቂ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ያወጣል። ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ይሆናል። ሳንባ በየትንፋሹ ጠርጎ ያስወጣዋል። ደረጃ ሮጣችሁ ስትወጡ የምታለከልኩት ኦክስጅን ፍለጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንጎል የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጨመር ያውቃል፣ «ቶሎ ተንፍስ» ይላል። በትንፋሽ የማይወጣውን አሲድ ደግሞ ኩላሊት ቀስ ብሎ በሽንት ያወጣዋል። እስከዚያው ድረስ ደም ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት አሲዱን እየያዘ ያለዝበዋል።

አልካላይን ውሃውስ? ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ ውስጥ የሚጠብቀው አሲድ ሎሚን የሚያስንቅ ነው፤ ያጠፋዋል። ጽሑፉ ላይ የተለጠፈው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ፎቶ ብዙ ሰው ሳያሳምን አይቀርም። የሽንት ፒኤች በምግብ ይለወጣል፤ ይህ እውነት ነው። የሚለወጠው ግን ኩላሊት ትርፉን ስላስወጣው ነው። ደሙ ባለበት ነው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ብዙ ልጣጭ አይቶ «እዚህ ቤት ሰው የሚበላው ልጣጭ ነው» እንደማለት ይሆናል።

ውሃው የሚጎዳው ኪስ ነው። ቤኪንግ ሶዳው ግን ሰው ይጎዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 በታች ይሁን የሚለው ሁሉም ምግብ ተደምሮ ነው። ደም ግፊት ያለባት እናታችሁ ይህን ጠዋት ጠዋት እየበጠበጠች እንድትጠጣ ማን ይመክራል?

ስለ አምስት ሊትር ውሃው ብዙ አልልም። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራሉ፣ ከዚያ ውስጥ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ሽንት ነው፤ ሌላው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ደማችን በጥቂቱ እንኳ ሲወፍር አንጎል ያውቃል፤ ጥማት ይለቃል፣ ኩላሊትንም ውሃ ቆጥብ ይለዋል። ስለዚህ ለጤነኛ አዋቂ ጥማቱ ጥሩ መሪ ነው። ሽማግሌዎች ላይ ግን ጥማት ይደክማል፤ እነሱን ጠጡ እያሉ ማስታወስ ያስፈልጋል። ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው ደግሞ የሚጠጣው ተለክቶ የተነገረው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላይ አምስት ሊትር መጫን አደጋ ነው። ጤነኛውም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ከጠጣው ይጎዳዋል፤ ኩላሊት በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም አያስወጣም። በፈረንጆቹ 2002 በቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ደማቸው ሲመረመር 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። ዋናው ምክንያት ብዙ መጠጣታቸው ነበር። በዚያው ውድድር አንዲት ወጣት ሯጭ በዚህ ምክንያት ሞታለች። የሩጫ አገር ሰዎች ነን፤ ይህን ማወቅ አለብን።

ትኩሳትና ጋቢ። እዚህ ጋ እናቶቻችንን ላለማስቀየም እየተጠነቀቅኩ ነው የምጽፈው።

አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። እንደ ካውያ መቆጣጠሪያ አስቡት። በደህና ቀን 37 አካባቢ ላይ ይቀመጣል። ኢንፌክሽን ሲመጣ ሰውነት ራሱ መቆጣጠሪያውን ወደ 39 ያዞረዋል። አሁን 37 የሆነው ሰውነት ለአንጎሉ «በርዶታል» ማለት ነው። ብርድ ብርድ የሚለን፣ ጥርሳችን የሚንገጫገጨው፣ ጋቢ የምንጠይቀው ለዚህ ነው። በኋላ መቆጣጠሪያው ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ሰውነቱ «ሞቆኛል» ይላል፣ ላብ ያጠምቀናል። እንግዲህ ላቡ የመጣው ትኩሳቱ መውረድ ስለጀመረ ነው። ቅደም ተከተሉን አገላብጠን ላቡ በሽታውን ያስወጣው እየመሰለን ነው የኖርነው።

አዋቂ ሰው በርዶት ጋቢ ቢለብስ ክፉ የለውም፤ ሲሞቀው ያወልቀዋል። ሕፃን ግን አያወልቅም። ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መስኮት መዝጋት ሙቀቱ መውጫ እንዲያጣ ማድረግ ነው። ቀለል ያለ ልብስ ይልበስ፣ ጡት ይጥባ፣ ይጠጣ። ወባ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ወይም ከዚያ ከተመለሳችሁ ደግሞ ላብ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ።

አንድ ነገር ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳም። በፀሐይ ተመትቶ የሞቀ ሰው ትኩሳት ካለበት ሰው ይለያል። እዚያ መቆጣጠሪያው አልተዞረም፤ ማቀዝቀዣው ነው የተሸነፈው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ አየሩ ሲረጥብ ግን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ዓረብ አገር በበጋ ደጅ የሚሠሩ ወንድምና እህቶቻችን ይህን ያውቁታል። እንዲህ ያለው ሰው መቃዠት ከጀመረ ወይም ከወደቀ ፓራሲታሞል አይጠቅመውም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ አምቡላንስ ጥሩ።

አሁን ስልኬን አስቀምጬ መቀመጥ ያቃተኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። «ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አንጀቱ እንዲያርፍ ፈሳሽ ይቀነስለት።»

ይህን ምክር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ የ14 ወር ሕፃን ሳለ፣ ነሐሴ ላይ ነው፣ አንድ ሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ አስቀመጠው። ጠዋት ስደርስ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሲያለቅስ እንባ የለውም። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ስለቀው ወዲያው አልተመለሰም፤ ትንሽ ቆየ። ጎረቤት «የጠጣው ሁሉ እየወጣ ነው፤ ውሃ አትስጡት፣ አንጀቱ ይረፍ» ብለዋል። በቅንነት ነው ያሉት። እህቴም ከሌሊቱ ጀምሮ ከልክላዋለች። ልጁ ጥግ ላይ ያለውን የውሃ ጆግ እያየ ነበር።

ምክሩ ለጆሮ ይጥማል። የገባው እየወጣ ከሆነ አለማስገባት ነው መፍትሔው ያሰኛል። ግን የሚወጣው የጠጣው ውሃ ብቻ አይደለም። ከደሙ ተስቦ የሚወጣ ውሃና ጨው ነው። ጨርሶ ባይጠጣም ይወጣል። ከባድ ኮሌራ የያዘው አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ልጁን ውሃ መከልከል ማለት ገንዳው ከታች እየፈሰሰ ቧንቧውን መዝጋት ነው። ሰውነቱ ራሱን ማስተካከል ያውቃል፤ ሽንቱን ይቀንሳል፣ እንባውን ያቆማል፣ የእጅና የእግሩን ደም ወደ ልብና ወደ አንጎል ይጠራል። እጁ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ግን ጊዜ መግዣ ነው። ከምንም ውሃ የሚፈጥር ሰውነት የለም።

እዚህ ጋ የሚያስገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። ተቅማጥ ሲይዘን አንጀታችን ውስጥ ብዙ ነገር ይበላሻል፤ አንድ በር ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። በፈረንጆቹ 1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት ይህን በር ገልጾታል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ሶዲየም ተያይዘው የሚገቡበት በር ነው። ስኳሩ ብቻውን አይገባም፣ ጨውን ይዞ ነው። እነሱ ሲገቡ ውሃው ተከትሎ ይገባል። በኮሌራ ጊዜ እንኳ ይህ በር ይሠራል። ውሃ ብቻውን ስትሰጡት አብዛኛው የሚያልፈው ለዚህ ነው፤ ስኳርና ጨው በልኩ ሲጨመርበት ደግሞ የሚቀረው።

በፈረንጆቹ 1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች ወደ ህንድ ጎረፉ። ቦንጋኦን በተባለ ቦታ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ፣ በሽተኞች መሬት ላይ ተኝተዋል። ዶክተር ዲሊፕ መሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጠው ዘመዶቻቸው በኩባያ እንዲያጠጧቸው አደረጉ። በዚያ ካምፕ ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 ወረደ። መርፌ አልነበረም። ኩባያና የዘመድ እጅ ነው።

ዛሬ ይህ ነገር በፓኬት ይሸጣል። ኦአርኤስ ነው ስሙ፤ ብዙ ሰው ለምለም ይለዋል። እህቴ ቤት አጠገብ ካለው ፋርማሲ ገዝቼ መጣሁ። አንዱን ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። መለኪያ ከሌላችሁ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። ግማሽ ፓኬት፣ ግማሽ ውሃ እያላችሁ አትገምቱ። ወተት ወይም ስኳር አትጨምሩበት። በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊሊትር ነው፤ በግምት አንድ የቡና ሲኒ። ቢያስታውከው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ቀስ እያሉ በማንኪያ መስጠት ነው። እኛም እንዲያ አደረግን። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ማንኪያ። እህቴ ይዛዋለች፣ እኔ እሰጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ እላዬ ላይ አስታወከው። ከምሳ በኋላ ሲኒውን በእጁ ይዞ መጎተት ጀመረ። ወደ 11 ሰዓት ላይ ሸና። በሕይወቴ የሰው ሽንት አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጡት አይቋረጥም፣ ምግብም አይከለከልም። የዚንክ ክኒንም አለ፤ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለጊዜው ያደርሳል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ደም ከታየ፣ ወይም የጠጣውን ሁሉ ከመለሰ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድም ላይ እያጠጣችሁ። በዓለም ላይ ዛሬም በየዓመቱ ከ440,000 በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ። «ይረፍ» እየተባለ የሚሰጥ ምክር እዚህ ቁጥር ውስጥ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው የስኳር ጉዳይ ነው። በጤነኛ አዋቂ ደም ሁሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ስኳር አምስት ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። አንድ ስኒ ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር ስትጠጡ ከዚያ እጥፍ አስገባችሁ ማለት ነው። ቆሽት ወዲያው ኢንሱሊን ይለቃል፣ ትርፉ ወደ ጉበትና ጡንቻ ይገባል። ስትጾሙ ደግሞ ግሉካጎን የሚባል ሆርሞን ይመጣና ጉበት ያስቀመጠውን ይመልሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማችሁ ቆማችሁ የምታስቀድሱት በዚህ ነው። ድንቅ ነው። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

ግን የስኳር በሽታ ማለት እኮ ይኸው ማስተካከያ ራሱ ሲጎድል ነው! በአንደኛው ዓይነት ስኳር ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች ጠፍተዋል። «ሰውነት ራሱን ያስተካክላል» ብሎ ለዚህ ሰው መንገር፣ እጁ ለተቆረጠ ሰው በእጅህ ያዘው እንደማለት ነው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ ዓይነት ስኳር የያዛቸው ልጆች ሞታቸውን ነበር የሚጠብቁት። ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ በፈረንጆቹ ጥር 1922 ኢንሱሊን በመርፌ ሲወስድ 30 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። የመጀመሪያው መርፌ አልተሳካም። ከ12 ቀን በኋላ የተጣራ ተሠርቶ ተሰጠው፣ ስኳሩ ወረደ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ክብደት በመቀነስ፣ በእንቅስቃሴና በአመጋገብ መድኃኒታቸው የተቀነሰላቸው፣ እንዲያውም የቆመላቸው ሰዎች አሉ። ይህን መካድ አልፈልግም። የቆመው ግን ደማቸው እየታየ፣ ሐኪማቸው እያወቀ ነው። «ደህና ተሰምቶኛል» መለኪያ አይሆንም፤ ከፍ ያለ ስኳር ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይበላል። ብዙ ጊዜ ደህና የተሰማውም መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በጾም ወቅትም ቢሆን ከሐኪሙ ሳይነጋገር መጠኑን አይንካ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። አልካላይን ውሃውም፣ አምስት ሊትሩም፣ ጋቢውም እንከራከርባቸው፤ ጊዜ አለን። የተቅማጡንና የስኳሩን መስመር ግን ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው እንዲያወጡልኝ እለምናለሁ። ጽሑፉን ለሌላ ያስተላለፋችሁም ለላካችሁላቸው ሰዎች መልሳችሁ ጻፉላቸው። እህቴ ትናንት ማታ ለ11 ሰዎች ልካለች፤ ለእያንዳንዳቸው «ለልጅ ፈሳሽ አትከልክሉ» ብላ።